ነርሷ የምታነበው ገጽ

እህቴ የሞተችው መረጃ ጠፍቶ አይደለም። አንድ መድኃኒት እንደማይስማማት፣ ማን እንደመረመራትና መቼ እንደተጻፈ፣ ሁሉም ክሊኒኩ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ ተቀምጦ ነበር። ነርሷ ስትጠይቀው አርባ መስመር ቁጥርና አድራሻ ዘረገፈላት። ዋናው ነገር ሠላሳ አንደኛው ላይ ነበር፤ እዚያ ሳትደርስ መርፌው ቀደማት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከቀብሩ በኋላ በየማለዳው ሱቄን ሳልከፍት ኮምፒውተር ራሴን አስተማርኩ። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኝ፣ ያንን ሁሉ መስመር ተቀብሎ ሰው በሚገባው ቃል፣ አደገኛውንም በቀይ የሚያሳይ ገጽ ሠራሁ። ሐኪሞቹ ወደዱት፤ ለሙከራም በነርሷ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት። በሥራ ላይ የሚውለው ግን የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ሲፈርሙ ነው። ሁለቴ ሄጄ የእህቴን ታሪክ ብነግራቸውም ሁለቴም አሳፍረው መለሱኝ።

ባለፈው ወር ለደም ግፊቴ ወረፋ ይዤ ሳለሁ አንድ ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ቀና ብል የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ!

«እዚህም ተከተልከኝ?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ወረፋ ነው ያገናኘን። ዛሬ ሁለታችንም በሽተኞች ነን።»

«እኔስ ለጉልበቴ መርፌ ነው። የአንተን በሽታ ግን አውቀዋለሁ፤ ፊርማ ነው።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ስማ፣ ያንን መዝገብ ሳስተሳስር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እያንዳንዱ ቁጥር ምስክር ነው፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይናገራል። አንተ ምስክሮቼን አባረህ አንድ ቀይ ጽሑፍ ልትለጥፍ ነው። ያማረ ነገር ውሸት ለመሸፈን ይመቻል።»

ነገራቸው እውነት ነበረበት።

«ጋሼ፣ ኮት ስሰፋ ስፌቱን ወደ ውስጥ አደርገዋለሁ እንጂ ቆርጬ አልጥለውም። የተጠራጠረ ገልብጦ ያየዋል። እዚህም ቃሉን ሲጫኑት ምስክሮችዎ በሙሉ ይወጣሉ።»

«ነርስ የተማረች ናት። ትልመድና ታንብበው!»

ይህን ሲሉ ነርሷ መርፌና ከመዝገባቸው የታተመ ወረቀት በትሪ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»

«አለ እንጂ! ስሙን ዘነጋሁት፤ መዝገቡ ላይ አለልሽ።»

«እስቲ እርስዎ ያግኙልኝ። ያስተሳሰሩት እርስዎ ነዎት አይደል?»

መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። «ይህ ቁጥር ወደዚህ ይመራል... ይኸኛው ደግሞ... ቆይ አንዴ።» ወረቀቱን ገለበጡ፤ መልሰው ገለበጡ። ግንባራቸውን አላባቸው።

«አባባ፣ አሥራ አንድ ሰው ይጠብቀኛል እኮ!»

ወረቀቱን አጠፉና፣ እኔን ሳያዩ፣ «የእሱን ገጽ ክፈችው» አሏት።

ወደ ኮምፒውተሯ ሄዳ የካርድ ቁጥራቸውን ጻፈችና ወዲያው አነበበች፦ «ይህ ማደንዘዣ አይስማማቸውም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ራሳቸውን ስተዋል።» መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠችው። ያው ማደንዘዣ መርፌው ውስጥ ነበረ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእህትህ ስንተኛው መስመር ላይ ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እፈርማለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ በሽተኛ ስለማይስማማው መድኃኒት ምንም ካልተጻፈስ ገጽህ ምን ያሳያል?»

«ባዶ ይሆናል።»

«ተሳሳትክ! ባዶ ያየ ሰው ‹ችግር የለበትም› ብሎ ያልፋል። አለመጻፍና አለመኖር አንድ አይደሉም። ‹አልተጠየቀም› በልበት።»

አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላሰብኩትን ነገር አንድ ተቃዋሚ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። በማግስቱ አስተካክዬ ወሰድኩላቸው፤ ቆመው ፈረሙ።

አንባቢዬ ሆይ፣ መረጃን ማስተሳሰር የመንገዱ እኩሌታ ነው። ሌላው እኩሌታ መልሱን መርፌ የያዘው እጅ ዘንድ በጊዜው ማድረስ ነው። ዛሬ ነርሷ አንድ ገጽ ታነባለች፤ የተጠራጠረ ሐኪም ምንጩን ከፍቶ ያያል። ትናንት ደግሞ የአንዲት አሮጊት ገጽ «አልተጠየቀም» ሲል አየሁ። ነርሷ ትሪዋን አስቀመጠች፤ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ጠየቀቻቸው።