ያልተላለፈ የውሃ ተራ

ህሊና መርሳ ላይ ከባጃጅ ወርዳ በመስኖው ቦይ ዳር ወደ እናቷ ቤት ስታቀና፣ አጎቷን አቶ አስፋውን ከማሳቸው ድንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዓይናቸው ከታች ባለው በጎረቤታቸው በካሳሁን ሽንኩርት ላይ ተተክሏል። የራሳቸው ሽንኩርት ቢጫ ብሏል።

«እንዴት አደሩ አጎቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የዚህን ሰውዬ ሽንኩርት እይው፤ ቅባት የተቀባ ይመስላል እኮ!»

«አፈሩ ግን ተሰነጣጥቋል። የውሃ ተራው መቼ ነው?»

በዚያ ቦይ ተራ የሚተላለፈው በአፍ ነበር። ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ለላይኛው ገበሬ ይነግራል፤ ላይኛው ለታችኛው። የካሳሁን ተራ ከቅዳሜ ወደ ዛሬ መዞሩን ትናንት የሰሙት አቶ አስፋው ናቸው። ዛሬ ካመለጠው ሁለት ሳምንት ይጠብቃል።

«ዛሬ ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት። አልነገርሁትም። ምን አደረግሁ? ቦይ አልሰበርሁ፣ ከብት አልለቀቅሁ። ዝም ነው ያልሁ።»

«ዝም ሲሉ እንደሚደርቅበት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ እንጂ! ሕፃን አደረግሽኝ?»

«ታዲያ እያወቁ ለምን?»

«ሚስቴ እታፈራሁ እንኳ ‹የካሳሁንን አየኸው ወይ?› ሳትል እራት አታቀርብም! አንቺ የተማርሽው፣ ይህ እንዴት እንደሚያንገበግብ የት ታውቂዋለሽ!»

ህሊና አንገቷን ደፋች። «አውቀዋለሁ» አለች በቀስታ። «ወልድያ ስማር የሥራ ፈተና ቀን ሲቀየር ማስታወቂያውን አይቼ ለጓደኛዬ ለሃና ሳልነግራት ቀረሁ። ከእኔ ትበልጥ ነበር። ‹ራሷ ታየዋለች› አልሁ፤ እንደማታየው እያወቅሁ። ሥራውን እኔም አላገኘሁትም። እሷ ዛሬም ሰላም ትለኛለች፤ መንገድ የምቀይረው እኔ ነኝ።»

ሰው አውቆ የሚበድለው ብዙ ጊዜ ለበደሉ ቀለል ያለ ስም ስለሚያወጣለት ነው። የአቶ አስፋው «ዝም»ም እንዲህ ያለ ስም ነበር።

«የእሱ ቢደርቅ የአንቱ ይለመልማል አጎቴ?»

አቶ አስፋው ቢጫውን ማሳቸውን አዩ። ከዚያ ተነሥተው ቁልቁል ተጣሩ።

«ካሳሁን! ዶማህን ይዘህ ውጣ! ተራህ ዛሬ ነው!»

ካሳሁን እየሮጠ መጣ። «ዛሬ? ማንም አልነገረኝም እኮ!»

«ትናንት ሰምቻለሁ። ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁብህ።»

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ።»

ካሳሁን ለአፍታ አፈጠጠባቸው። ከዚያ ውሃውን ሊከፍት ሮጠ። እስከ ስድስት ሰዓት ከማሳው ግማሹን አጠጣ፤ ግማሹ ደረቀ።

እሑድ የቦዩ ተጠቃሚዎች ሲሰበሰቡ አቶ አስፋው ተነሡ። «ተራው በሰሌዳ ተጽፎ ቦዩ ራስ ላይ ይቁም፤ ማንበብ ለማይችል ልጆቹ ያንብቡለት። እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ፤ የሰው ውሃ በእኔ አፍ አይለፍ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቦይ ተራ ያመለጠው ሰው የለም፤ በተራ ይነሣ የነበረው ጠብም ቀርቷል። ያን እሑድ ግን ሁሉም ምን ይል ይሆን ብለው ካሳሁንን ነበር የሚያዩት። ካሳሁን እጁን አወጣ።

«ሰሌዳውን የሚተክለው ግን አስፋው ነው» አለ፤ «ብቻውን።»