ቀይዋ የቆርቆሮ አውቶቡስ

በልጅነቴ ተመኝቼ ያጣኋት ቀይ የቆርቆሮ አውቶቡስ፣ እኛ የአሮጌ መጫወቻ ሰብሳቢዎች በምንገናኝበት የማኅበራችን ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ ቀረበች! ደንባችን፣ አስቀድሞ «ለእኔ» ብሎ የጻፈ ይወስዳል ነው። እኔ ለሻጩ ሰላምታ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ደግሞ ሳርም፣ እየገዛ አትርፎ በመሸጡ የምናማው የሐሙሲት ከተማው ነጋዴ ቀደመኝ። 

በሳምንቱ ነጋዴው ደብረ ታቦር ቤቴ ድረስ መጥቶ አውቶቡሷን መዳፌ ላይ አኖራት። «መምህር፣ ቴሌግራሙ እየጻፉ መሆኑን ሲያሳየኝ፣ ሰላምታዎ እስኪያልቅ ሌላ ሰው እንዳይወስድብዎት ብዬ ነው የያዝኋት» አለኝ።

«ትርፍህስ?» አልሁት፣ በደስታ እየተንተባተብሁ።

«የገዛሁበትን ብቻ ይስጡኝ። ግን እባክዎን ለማኅበሩ እንዳይነግሩብኝ፤ ነገ ሁሉም በዚሁ ዋጋ አምጣ ይለኛል!»

ገና ከግቢዬ ሳይወጣ፣ በዚህ ጊዜ ያለ አንዳች ሰላምታ፣ ደግነቱን ለማኅበሩ ጻፍሁት።