የሽፈራው ቅጠል የበሉት አምባዞች

— ሄሎ... አቤት ጋሼ... ገንዳው ጋ ነኝ። ፓምፑ ነው የሚጮኸው... አሁን ትሰማኛለህ?

— እናት አምባዞቹን አልሸጥም... አዎ፣ በትክክል ሰምተኸኛል! ዓሣ ነጋዴህ እንዳልከው ስድስት ሰዓት ላይ ይምጣ፤ የበሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው።

— ገንዳው ያንተ መሆኑን ማን ካደ? ታላቄ ነህ፣ አከብርሃለሁ። ግን እናቶቹን ለሥጋ ከሸጥካቸው ሌላ እናት አምባዛ ለማድረስ ዓመት ይፈጃል።

— እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አሥራ ሁለቱም እናቶች አንድ ዓይነት መኖ ይበሉ ነበር። ከመቶ እንቁላል ሠላሳ አንዱ ብቻ ነበር የሚፈለፈለው፤ ሦስት ዙር ቆጥሬያለሁ። ከዚያ የሽፈራው ቅጠል ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ ለስድስቱ ብቻ ከመኖው ጋር ለወስኩላቸው። ስምንት ሳምንት ሙሉ... ምን? ጠንቋይ? ጋሼ ሙት! ጠንቋይ ቅጠል በሚዛን ይለካል እንዴ?

— እንቁላል የሚያስጥለውን መርፌማ ሁሉም እኩል ተወግተዋል። ውሃውም አንድ፣ ሙቀቱም አንድ። የተለየው ቅጠሉ ብቻ ነው... እየተፈለፈለ ነዋ! የስድስት ስድስቱን እንቁላል በሁለት ወንፊት ለያይቼ ውሃ ውስጥ ዘርግቼዋለሁ፤ ከየወንፊቱ መቶ መቶ እንቁላል ለይተን፣ ስንቱ እንደተፈለፈለ መኖ የሚያበሉት እትዬ እየቆጠሩ ነው።

— የምን ፎቶ?... ማን ላከልህ?... ዘበኛው! (እትዬ፣ አያቁሙ፣ ይቁጠሩ፤ ጋሼ ነው።) እንቁላሉ ነጭ ነው? አዎ፣ የነጣው ሞቷል... ቆይ፣ ወንፊቱ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ይታይሃል?... አጉላውና እየው... የለም? አንጀቴን አራስከኝ! ቀይ ክር ያሰርኩት በቅጠል በሎቹ ወንፊት ላይ ነው፤ ያ እኮ ቅጠል ያልበሉት እናቶች እንቁላል ነው። ዘበኛው ለበሩ የቀረበውን አንስቶ ላከልህ፤ አንተ ደግሞ በዚያ ፎቶ እናቶቹን ልታሳርዳቸው!

— አትጩህብኝ... አዎ፣ ላይሳካ ይችላል። አንድ ዙር ማስረጃ እንደማይሆን እኔም አላጣሁትም፤ ገና ሁለት ዙር ይቀረኛል። እስከዚያ ግን አንዲት ዓሣ ከዚህ በር አትወጣም፤ አባባ ራሱ ቢለምነኝ እንኳ... ፖሊስ? ጥራ! ቆጠራውን ያግዙናል።

— (ጨረሱ እትዬ?... ስንት?... እስቲ ይድገሙልኝ።) ጋሼ፣ እንዳትዘጋው። ክር የሌለው ወንፊት፣ ከመቶ ሠላሳ ሦስት... ሄሎ? አለህ?... ባለ ቀይ ክሩን እኔም ልቁጠረው፣ ያዝ... ሁለታችንም አንድ ቁጥር ነው ያገኘነው።

— ለነጋዴው ምን ልበለው ነው የምትለኝ?... ሽያጩ ቀርቷል በለው፣ ሌላ ምን ትለዋለህ! ካልገባው ቁጥሩን ንገረው... ጻፍ፤ ከመቶ ሰባ ስድስት። ቻው።