የኮሎኔሉ ውሻ ርስት

ነይ እስቲ ዋማይታ፣ እዚህ ከኔ ጋ ተቀመጪ። ናይሮቢ ከርመሽ መጣሽ አሉ… እህትሽ በሰላም ተገላገለች? እሰይ፣ እንኳን ማርያም… አይ፣ እሱን የሚሉት ሚሲዮኖቹ ናቸው፤ እንኳን አምላክ ማራት ልበል እኔ። የዘንድሮው ዝናብ አንጀት የሚያርስ ነው። ባቄላውን እዪው እስቲ፣ እንዴት እንዳማረበት። ያዢ፣ እያወራን እንፈልፍል።

ኮሎኔሉም ደህና ናቸው። እሳቸው ቤት ልብስ ሳጥብ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቴ፤ የቤቱን ሰው ከነሸሚዙ አውቀዋለሁ። ትልቁ ጦርነት ሲያልቅ መንግሥታቸው መኮንኖቹን ሰብስቦ የመሬት ዕጣ አወጣላቸው አሉ። እጃቸውን ሰደድ ሲያደርጉ የኛ ኮረብታ አልወጣላቸው መሰለሽ? ዕድል ነው እቴ፤ ለሌላው ዶሮ እንኳ አይደርሰውም። ታዲያ መኮንንነቱ ዛሬም አለቀቃቸውም። ላሞቹ የሚታለቡት በጡሩንባ ነው። ልጃቸው ሄንሪ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ መሳሳም የሚባል ነገር የለም። ሴቷ፣ ዶሮቲ፣ ግን የኛ ናት። ጓዳ ትገባና ከኔ ጋር ስኳር ድንቿን በልታ፣ አባቷን በኛ ቋንቋ ሰድባ ትወጣለች።

ያን ሽማግሌ ውሻቸውን ታስታውሺዋለሽ፣ ሻለቃ የሚሉትን? እሱ አረፈ። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ። ኮሎኔሉ በዚያ ሁሉ ጦርነት ዕንባ አልወጣቸውም ይባላል፤ ለሻለቃ ግን ተንሰቀሰቁ። ሄንሪ ጡሩንባ ነፋ፣ ቤተሰቡ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፣ ድንጋይ ተጠርቦ ስሙ ተጻፈበት። አትሳቂ እንጂ፤ ሐዘን ሐዘን ነው።

ከዚያ እመቤቲቱ፣ የኮሎኔሉ ሚስት፣ መቃብሩ ባዶ ሆነባቸው። አበባ ወዳጅ አይደሉ? «ያ በወንዙ በኩል በተርታ የቆመው አበባ ያምራል፤ ተነቅሎ እዚህ ይተከልልኝ» አሉ። እሳቸው ምን ያድርጉ? የድንበር አበባ መሆኑን፣ ሽማግሌዎች በግ አርደው እንደተከሉት፣ የነካው እርግማን እንደሚያገኘው ማን ነገራቸው? እንግዳ ናቸው፤ ያበበ ሁሉ ለዓይን የተተከለ ይመስላቸዋል። ነቃዩ ግን… ነቃዩ ያገር ሰው ነው። እጁ እንዴት ያለ የተባረከ መሰለሽ። አንዲት ሥር ሳትበጠስበት፣ አቅፎ ወስዶ፣ ውሻውን ዙሪያውን አጠረለት። እንግዲህ በኛ ሥርዓት ከሄድን፣ በዚህ ኮረብታ ላይ ድንበሩ የተከበረለት ባለርስት ሻለቃ ብቻ ነው። እኔ በዚያ ሳልፍ አጎንብሼ ነው የማልፈው።

ቀስ በይ? ለምን? ጎተራው ሥር ስለተቀመጠው ሰው ነው? ኧረ እሱ ኮሎኔሉ የሸለሙትን ኮት ቁልፉን እየወለወለ ነው፤ የሴት ወሬ አይሰማም። ደሞ የማንን ስም ጠራሁ? አንድ የማውቀውን ሰው እያመሰገንኩ ነው። ማመስገን ተከለከለ እንዴ?

ያመለጠሽስ ሸንጎው ነው። ኮሎኔሉ ሲመጡ እዚህ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም ብለው የሚጠይቁ ሹማምንት መጥተው ነበር። ነበረ ከተባለ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለችው ማሳችን ትቀርልናለች። አልነበረም ከተባለ፣ ዝናቡ ሲያባራ ድስታችንን አዝለን መሰደድ ነው። እኛን ማን ይጠይቀናል፤ የተጠየቀው በዕድሜም በክብርም የሚቀድመን ሰው ነው። ሲናገር በሰማሽው… «ሣርና ሚዳቋ ብቻ ነበር» አላቸው። ምን ዓይነት አእምሮ ነው በሞቴ? እኛ ሚዳቋዎቹን ጭራሽ ረስተናቸው ነበር።

እርግጥ ሰው ሁሉን ሊያስታውስ አይችልም። ለምሳሌ ሾላው ሥር ያለውን መቃብር። መቼም በኛ ዘንድ ሰው ሁሉ አይቀበርም፤ ሌላውን ዱር ነው የሚረከበው፤ አፈር የሚለብሰው በገዛ መሬቱ ላይ ያረጀ ባለርስት ነው። አማቴን፣ የባሌን አባት፣ የመጨረሻዋን ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ጉድጓዱን የቆፈረው ደግሞ የበኩር ልጃቸው፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። አፈሩን በእጁ ሲመልስ፣ ዕንባውን በክርኑ ሲጠርግ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ታዲያ ሰው አልነበረም ከተባለ… አማቴ ሚዳቋ ነበሩ ማለት ነው? እኔ እንጃ። ከሆኑም የተከበሩ ሚዳቋ ነበሩ።

አልከፋሽም ወይ በይኝ እንጂ። ከፍቶኛል። ሦስት ልጅ የወለድኩት በዚያች ማሳ ላይ ነው፤ ወዴት ይዣቸው ልሂድ? ሹማምንቱ ሐሙስ ይመለሳሉ፤ ቃሉን የሚያቃና ካለ በራችን ክፍት ነው ብለዋል። አንዲት ቃል ናት። ግን እንዲህ ያለውን ሰው በዚህ ማን ያስቸግረዋል? አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል እኮ። ለሱ ብቻ የተመደበ ኩባያም አለው። እመቤቲቱ ራሳቸው «ይሄን ከኛ ኩባያ ጋር አትቀላቅዪው፣ ከውሻው ሳህን አጠገብ አስቀምጪው» ብለው ሰጥተውኛል። ክብር ነው ዋማይታ። አንቺ ለብቻሽ ኩባያ አለሽ?

ተነሣ እንዴ ሰውዬው? ፀሐይዋ መጥታበት ይሆናል። ወዲህ ይምጣ፣ ጥላው ሰፊ ነው… ወይ ይሂድ፣ ሥራ ይኖርበታል። ብቻ ሳልመርቀው አይሂድብኝ።

በተራራው ያለ አምላክ ዕድሜ ይስጥህ። ኮትህ አይለቅብህ፣ ኩባያህ አይሰበርብህ። አምስቱም ልጆችህ ይባረኩልህ፤ ሁሉም ባንተ ይውጡ፣ አንድም እንዳይጎድል። አንተም ጠግበህ፣ አርጅተህ፣ ካባትህ ጎን ሾላው ሥር ስትተኛ፣ አንድ ሩቅ አገር ሰው መጥቶ «እዚህ የተኛው ማነው?» ብሎ ልጆችህን ሲጠይቃቸው… አባታቸውን ይምሰሉ።