በር የሌለው ቢሮ

ያን ጠዋት ወደማስተምርበት ኮሌጅ ስገባ ጎረቤቴን አናጢውን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ካቻቢቴያቸውን ጨብጠው ያጉረመርማሉ። ልጃቸው የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዛ ትከተላለች። የኮሌጁን የመግቢያ ፈተና ብታልፍም፣ "ለሴት ልጅ ትዳሯ ይበቃታል" ብለው እንደከለከሏት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

"ምነው ጋሼ፣ በሰላም?"

"ምን ሰላም አለ! አዲሱ ኃላፊ የቢሮዬን በር ንቀልልኝ አሉኝ። በር ስገጥም ሸበትኩ፣ ንቀል ያለኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።"

አብሬያቸው ገባሁ። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ኃላፊያችን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው፤ ሁለት የካቶሊክ ኮሌጆች መርተው ነው ወደ እኛ የመጡት።

"አባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ አለቃ ካልተፈራ ማን ይታዘዘዋል?" አሉ አናጢው ማጠፊያውን እየፈቱ።

"ልክ ነዎት፣ በር ያስፈራል" አሉ ካህኑ ፈገግ ብለው። "እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች። ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ሄዳ የተዘጋ በር ብታይ፣ ማንኳኳት አፍራ ተመለሰች። አንድ ሽማግሌ ካህን መንገድ ላይ አግኝተው እጄን ይዘው ባያስገቡኝ፣ ዛሬም ልብስ አሰጣ ነበር። ስለዚህ በመራኋቸው ኮሌጆች ሁሉ መጀመሪያ የማስነቅለው በሬን ነው።"

"ታዲያ የመጣ ሁሉ ዘው ሊል ነው?"

በሩን ግድግዳው ላይ ከማስደገፋቸው ልጃቸው ዘው አለች።

"አባ፣ ፈተናውን አልፌያለሁ። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል፤ አባዬ ግን አይሆንም አለኝ። ባለፈው ሳምንት መጥቼ በሩን ሳይ ፈርቼ ተመለስኩ።"

አናጢው ክው አሉ። "እኔ የገጠምኩትን በር?"

"አዎ፣ አባዬ።"

ካህኑ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጋሼ፣ መለካቱን ከእርስዎ እጅ ተምራለች፤ እኛ የምህንድስናውን ስሌት እንጨምርላት። የተማረች ልጅ ብታገባ ቤቷን ታቆማለች፣ ባታገባም ለማንም አታጎነብስም። እርስዎም ሲደክሙ መከታ ያገኛሉ።"

ወላጆች ሆይ፣ ልጅን ከትምህርት የሚያስቀረው የእንጨት በር ብቻ አይደለም፤ አይሆንም የሚል አፍም በር ነው። አናጢው ይህ ሳይገባቸው አልቀረም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"የኔ ነገር! ለሰው ልጅ በር ስሠራ በራሴ ልጅ ላይ ዘጋሁት" አሉና እጇን ያዙ። መሣሪያቸውን እዚያው ጥለው ወደ መዝገብ ቤት ሲገሰግሱ ኮሪደሩ በድምፃቸው ተናወጠ፦

"ዘወር በሉ እንጂ! የአናጢ ልጅ መሐንዲስ ልትሆን ነው!"