ከካሊፎርኒያ የመጣው የቨርጂኒያ ወይን

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ማርያማዊት ገብረሥላሴ
ዕድሜ፦ 27
አድራሻ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሥራ፦ በአቶ ወልደአምላክ የወይን ማምረቻ የደንበኞች አስተናጋጅ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2011
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ፍሰሐ ሀይሉ
ማስታወሻ፦ ምስክሯ መቀመጥ አልችልም ስላለች ቆማ ቃሏን ሰጥታለች።

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ጽሕፈት ቤት መጥቻለሁ። የመጣሁት ታናሽ ወንድሜ ዓብዩ ገብረሥላሴ ባለፈው ዓርብ እዚሁ ቀርቦ የሰጠው ቃል እውነት ስላልሆነ ነው። ዓብዩ፣ የአሠሪያችን የወይን ጠርሙሶች ላይ የማይሆን ሌብል የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ አሠሪዬ አያውቁም ብሎ ፈርሟል። አልለጠፈም። በሚቀጥለው ሳምንት የዜግነት ኢንተርቪው አለው። አጭበርብሬአለሁ ብሎ የፈረመበት ወረቀት ቀድሞት እዚያ ከደረሰ ምን እንደሚከተል እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ እባካችሁ ቶሎ ቶሎ ይጻፍልኝ።

አሠሪያችን አቶ ወልደአምላክ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በሎዶን ካውንቲ ኮረብታ ላይ የወይን እርሻ አላቸው። ዋናው ምርታቸው ቪዮንዬ የሚባለው ነጭ ወይን ነው። የቤተክርስቲያናችን ሰው ሁሉ የእኛ ሰው ወይን እያለ ይኮራበታል። እሳቸውም እንግዳ በመጣ ቁጥር ከወይኑ ሥር አፈር ዘግነው ሳያስሸትቱት አይሸኙም። የታክሲ ሾፌር፣ ዶክተር፣ ቄስ አይመርጡም፤ ሁሉም አፈር አሽትቷል።

ባለፈው ዓመት በፀደይ ውርጭ መታን። ኖርተን የሚባለው ቀይ ወይን ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ ተርፏል፤ ቪዮንዬው ግን ቀድሞ አቆጥቁጦ ስለነበር ተቃጠለ። በመከር ጊዜ ከካሊፎርኒያ በቦቴ መኪና የቪዮንዬ ወይን ተጭኖ ሲመጣ የግቢውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ስቴት ወይን ገዝቶ ማሸግ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ሌብሉ ላይ ቨርጂኒያ ለማለት ቢያንስ ሦስት አራተኛው ፍሬ ቨርጂኒያ የበቀለ መሆን አለበት። የፍሬውን ስም ለመጻፍም እንደዚሁ ሦስት አራተኛው ያው ፍሬ መሆን አለበት። ቪዮንዬ መባሉ እንግዲህ ትክክል ነው፤ ውሸቱ ቦታው ላይ ነው። አሜሪካ ብሎ መለጠፍ ይቻል ነበር። ይህንን ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ሳስረዳ ስለምውል ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም አልስትም።

ጠርሙሱ የተለጠፈው በማርች ወር አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። ዓብዩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄርንደን አጠገብ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ የዚያን ቀንም እዚያው ነበር፤ የኤርፖርት አሠሪዎቹን መጠየቅ ይቻላል። እኔ ደንበኞች ከሚቀምሱበት ክፍል ሆኜ በመስተዋቱ ሳይ፣ የሌብሉን ጥቅል መለጠፊያው ማሽን ላይ የሚያስገቡት አቶ ወልደአምላክ ራሳቸው ነበሩ። ገብቼ፣ “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቨርጂኒያ ነው የሚለው። አሜሪካ የሚለውን ኦርደር እናድርግ” አልኳቸው። እጃቸውን ሳያነሱ፣ “አሜሪካ ብዬ ለጥፌ፣ ያንን ሁሉ አፈር ያሸተተ ሰው ምን ልበለው?” አሉኝ። አሳዘኑኝ። ወደ ደንበኞቼ ተመለስኩ።

ከዚያ እዚህ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ምግብ ቤት ወይኑን ገዛ። ገዢው ባለፈው በጋ እርሻውን ሊጎበኝ መጥቶ ባዶውን የቪዮንዬ ሐረግ አይቶ ስለነበር፣ ሌብሉን ሲያይ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊስም አቶ ወልደአምላክን ለጥያቄ ፈለጋቸው።

በዚያው ሰሞን፣ ከሳምንት በፊት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ታኮማ ፓርክ አባታችን ቤት ተሰበሰብን። አባታችን አቶ ገብረሥላሴ፣ አቶ ወልደአምላክና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ዋሽ ያለው ሰው የለም። ጉዳዩን አንተ ያዝልን፣ ልጅ አይደለህ፣ አንተ ላይ አይከብድም እያሉ ወንድሜን ለመኑት። መርማሪው ነገሩ ሳይገባቸው አይቀርም፤ ይህ ቃል ተተርጉሞ ለሚያነበው ሰው ግን ላስረዳ። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያጠፋ ትንሹ ተነስቶ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል፣ ጉልበት ይስማል፣ ይቅር ይባላል፣ ምሳ ይቀርባል። ማን እንዳጠፋ ሁሉም ያውቃል፤ አንሥቶ የሚናገር ግን የለም። ፖሊስ ጣቢያም እንደዚያ መስሏቸው ነው። ዓብዩ ሄዶ አጥፍቻለሁ ይላል፣ ፖሊሱ ይመክረዋል፣ ወደ ቤቱ ይሰደዋል። ዓብዩም እንደዚያው መስሎት ነው የፈረመው። ዓርብ ከዚህ ሲወጣ ደውሎልኝ፣ “በቃ፣ አለቀ” አለኝ። እየሳቀ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አባቴ ለምን ልጃቸውን እንደሰጡ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዲቪ ሲደርሰን ስፖንሰር የሆኑን አቶ ወልደአምላክ ናቸው። ቤዝመንታቸው ውስጥ አኑረውናል፤ የክረምት ጃኬት የገዙልንም እሳቸው ናቸው። ያን እሑድ አባቴ ለዓብዩ፣ “እሱ ባይፈርምልን እዚህ አገር አልነበርንም። ዛሬ ደግሞ እኛ እንፈርምለት” አሉት። ዓብዩ ምንጣፉን እያየ፣ “እሺ አባባ” አለ። እኔ ኢንተርቪው እንዳለው ስናገር አንቺን ማን ጠየቀሽ ተባልኩ። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ እንደገና ተናገርኩ፤ አቶ ወልደአምላክ ቀና ብለው አላዩኝም። እሳቸውን አልጠላቸውም፤ ብጠላቸው ይቀለኝ ነበር። ዓብዩ ግን የማንም ውለታ መክፈያ አይደለም።

አሁን ስናገር ኪሴ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ስልክ አባቴ ናቸው። እዚህ ከመጣሁ ደጃቸውን እንዳልረግጥ ጠዋት ነግረውኛል።

የአባቴ ስም በዚህ ቃል ውስጥ መግባቱን እቃወም እንደሆነ በመርማሪው ተጠይቄ፣ አልቃወምም፣ እንዲያውም ጠርታችሁ ጠይቋቸው ብያለሁ። አባቴ ተጠይቀው አይዋሹም። እስከ ዛሬ ያልተናገሩት የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው።

ይህ ቃል በአማርኛ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን ተናግሬአለሁ፤ ለወንድሜ ብዬ የጨመርኩት፣ ለአባቴ ብዬ የቀነስኩት የለም። ሲነበብልኝ አንድ ቦታ አሳርሜአለሁ፦ ሽማግሌዎቹ ወንድሜን አስገደዱት ተብሎ ተጽፎ ነበር። ለመኑት በሚል ይታረም ብያለሁ። ቢያስገድዱትማ እምቢ ይል ነበር።

የምስክሯ ፊርማ፦ ማርያማዊት ገብረሥላሴ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ፍሰሐ ሀይሉ