ከማስኩ ጀርባ ያላነበበችው ልጅ

ክቡር ርዕሰ መምህራችን አቶ ሙባሪክ፣ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ለዚህ ሁሉ የጡረታ ሽኝት ድግስ እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቡታጅራ ሳስተምር እንዲህ ተሞግሼ አላውቅም። አቶ ሙባሪክ፣ ቅድም “ከዓለምዘውድ እጅ ማንበብ ሳይችል ያለፈ ልጅ የለም” ሲሉ፣ ሌላ ዓለምዘውድ አለች እንዴ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን አንዲት ልጅ አለች።

ከኮሮና በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት ታስታውሳላችሁ? ልጆቹ ያለ ፈተና ክፍል አልፈው፣ በፈረቃ፣ ማስክ አድርገው መጡ። እኔ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። “በሉ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ!” እላለሁ፤ ክፍሉ በንባብ ይናጋል። እኔም ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን በመሃላቸው ሳልፍ ሁሉም ገጹን ገልብጠዋል። የዚያች ልጅ፣ የሃፊዛ ጣት ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆሟል። ማስኳ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የላትም። ቤት በተቀመጠችባቸው ወራት ፊደሉ ጠፍቶባታል። ቀና ብላ አየችኝ። ምን አደረግሁ? አለፍኳት። ሪፖርቱ ላይም “ሁሉም ያነባሉ” ብዬ ፈረምኩ።

አምና ሰባተኛ ክፍል መምህር ባልቻ ዘንድ ደረሰች። “ኧረ ይቺን ልጅ ማናችሁ ናችሁ ያስተማራችኋት?” ብሎ ሲጮህ፣ “ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ትሆናለች” ያልኩት እኔ ነኝ። ባልቻ፣ ዋሽቼሃለሁ። አንተ ሰነፍ መሰለችህ፣ ልጆቹ ሳቁባት፣ ጥር ላይ ከትምህርቷ ቀረች።

ገበያ ውስጥ እናቷ ዘንድ በርበሬ ስትቀነጥስ አገኘኋት። መልሱን እያወቅሁ “ለምን ቀረሽ?” አልኳት።

“ቲቸር፣ ያኔ አይተውኛል አይደል?” አለችኝ። “ነገ ይጠሩኛል፣ ያስጠኑኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር።”

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ቤቴ ትመጣለች። አሁን ቀስ እያለች ታነባለች። መስከረም ላይ ወደ እናንተ ትመለሳለች። እንደሷ ያሉ በየክፍላችሁ አሉ፤ ያ ጊዜ አልፏል አትበሉ። ሳታሳቅቁ፣ አንድ በአንድ አስነብቧቸው።

ይቅርታ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። አፈርኩ። ስለዚህ አትቀየሙኝ፣ ምሳውን ሳልጨርስ ልነሳ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ መጽሐፉን ሳንከፍት ይቅርታ አድርጊልኝ እላታለሁ።

እናንተን ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ የልጆቻችሁን ቁም ነገር ያሳያችሁ። ተማሪ “አላውቅም” ለማለት የማይፈራችሁ መምህራን ያድርጋችሁ። አይቶ ከማለፍም ይሰውራችሁ።